ባትሪው ሞቷል ወይስ ሌላ ነገር ነው? የደቅ ደሴት ሶላር ጉዳይ፣ ከነመልሶቹ

ወገኖች፣ ጥያቄው የአጎቴ ነው። እሳቸው ጣና ሐይቅ ውስጥ ደቅ ደሴት ላይ ናቸው፣ እኔ ባሕር ዳር። ቤታቸው ላይ ሁለት ባለ 100 ዋት ፓኔል፣ አንድ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ (ክዳን ያለው፣ ውሃ የሚሞላው ዓይነት)፣ ባለ 20 አምፒር ፒደብሊውኤም የሚባለው ዓይነት ኮንትሮለር (ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠረው) እና ባለ 500 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቴሌቪዥን ወደሚሆን የቤት መብራት የሚለውጠው) አለ። የሚሠራው አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮና የስልክ ቻርጅ ነው። ሁለት ዓመት ያለ ምንም ኮሽታ ሠራ። ከሚያዝያ ወዲህ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ኢንቨርተሩ መጮህ ይጀምራል፤ ዜናው ሳያልቅ ቤቱ ድርግም ይላል። የሚገርመው ኮንትሮለሩ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ባትሪው ሙሉ ነው ይላል። አንድ ሻጭ ባትሪው አልቆለታል፣ ሊቲየም ግዙ ብሏቸዋል። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የባትሪ ዋጋ እንደምታውቁት ነው። ይግዙ ወይስ ይቆዩ?

የውይይቱ ክር ስለረዘመ ለኋላ መጪዎች መልሶቹን በራሴ አነጋገር ጨምቄ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አላሰፈርኩም። አስተያየቴንም እዚህም እዚያም ጣል አድርጌያለሁ፤ ቅር ያለው ይበለኝ።

መልስ 1 በደቂቃ ውስጥ ደረሰ። ጨዋ ሰው ነው፣ ለአጎቴ ሳይቀር ጤና ይስጥልኝ ብሎ ነው የጀመረው። ሊቲየሙን ይግዙና ይገላገሉ አለ። ጎርጎራ አካባቢ ቤቱ ላይ ካስገባው አራት ዓመቱ ነው፤ ውሃ የለ፣ አሲድ የለ፣ ሽታ የለ። የእርሳስ ባትሪ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ጊዜው አልፏል ባይ ነው።

መልስ 2 ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን አረመ። ሊቲየም የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም አለ። ለቤት ሶላር የሚሆነው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው፤ አንዱ ሴል 3.2 ቮልት፣ አራቱ በተከታታይ ሲገናኙ 12.8። ከአሮጌ ላፕቶፕ ተለቃቅሞ የታሸገም በዚሁ ስም ይሸጣል፣ ተጠንቀቁ ብሏል። በዚያ ላይ ኮንትሮለሩ ሊቲየም የሚል ምርጫ ከሌለው ጣጣ አለው። አንዳንዱ ኮንትሮለር የእርሳስ ባትሪ ሴሎችን ለማመጣጠን ብሎ አልፎ አልፎ ከ14.6 ቮልት በላይ ይሰቅላል፤ የሊቲየሙ መከላከያ ሰርኪት ደግሞ ይህን ሲያይ ይዘጋል። ስለዚህ ባትሪ ስትለውጥ ኮንትሮለርም ይከተላል፤ ሒሳቡን እንደዚያ አድርጋችሁ ያዙት ነው ነገሩ።

ነገሩ መልክ የያዘው መልስ 3 ላይ ነው። ይህ ሰው ምንም ግዙ አላለም። እስካሁን አንድ ሰው እንኳ ቁጥር አልጠየቀም ብሎ ነው የገባው፤ ልክ ነው፣ ሻጩም አልጠየቀም። ሦስት ነገር ተለክቶ ይምጣ አለ። አንደኛ፣ ማታ ሁሉም ከጠፋ በኋላ ሳይነካ ያደረ ባትሪ ጠዋት ፀሐይ ፓኔሉን ሳታገኘው ስንት ቮልት ነው? 12.7 ከሆነ ሙሉ፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ፣ 11.8 ከሆነ ባዶ ነው። ሁለተኛ፣ ቀን ኮንትሮለሩ ሞልቷል ሲል ሁለት ቦታ ይለካ፤ አንዴ ኮንትሮለሩ ላይ፣ አንዴ ራሱ ባትሪው ተርሚናል ላይ። ሦስተኛ፣ ክዳኖቹ ተከፍተው ውሃው ይታይ። በቃ። እኔ ከክሩ ውስጥ አንድ መልስ ብቻ አስቀር ብባል እሷን ነበር የማስቀረው።

መልስ 4 ከዘጌ ነው፣ ስለ ጥላ ጻፈ። ፓኔሉ ሲሰቀል አጠገቡ ያለው ዛፍ ትንሽ ነበር፤ ዛፍ ያድጋል፣ ፓኔል አያድግም። ከዕለታት አንድ ቀን ማለዳ ላይ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ፓኔሉ ጥግ ላይ ሲያርፍ ኮንትሮለሩ ላይ የሚታየው አምፒር ከግማሽ በታች ሲወርድ አየ። ሴሎቹ በተከታታይ ተገናኝተው ስለሚሠሩ በጠባብ መንገድ እንደሚሄዱ አህዮች ናቸው፤ አንዷ ከቆመች የኋላዎቹም ይቆማሉ። አንዱ ታዲያ ቁረጠዋ ቢለው፣ የዘጌን ዛፍ ዝም ብሎ የሚቆርጥ የለም ብሎ መለሰለት። ፓኔሉን በረጅም ብረት ወደ ቆርቆሮው ሌላ ጫፍ አዛወረው።

መልስ 5 ቆጣ ያለ ነው። ሰኔ ገብቷል፣ ሰማዩ ጥቁር ነው፣ ምን ትጠብቃላችሁ አይነት። በሐምሌና በነሐሴ ቴሌቪዥን ካማራችሁ ፓኔል ጨምሩ፣ ባትሪውን ተዉት አለ። ጥያቄውን ጨርሶ አላነበበውም፤ ችግሩ የጀመረው ሚያዝያ ላይ፣ በጠራ ፀሐይ ነው። ያለው ነገር ግን ውሸት አይደለም።

መልስ 6 የእኔው ነው። ደሴቱ ላይ ሬዲዮ የሚጠግን ጎረምሳ ቴስተር ይዞ ተገኘና ቁጥሮቹን በስልክ ላከልኝ። ጠዋት 11.8። ቀን ኮንትሮለሩ ላይ 14.3፣ ባትሪው ላይ ግን 13.2። ከስድስቱ ሴሎች በሁለቱ ውሃው ከፕሌቶቹ (ውስጥ ካሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) በታች ወርዷል። ፖዘቲቩ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል። ኮንትሮለሩ ሳሎን ነው ያለው፣ አጎቴ መብራቶቹን እያዩ ይደሰታሉ፤ ባትሪው ደግሞ ጓዳ። በመሃላቸው ባለ 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) ሽቦ፣ 8 ሜትር ያህል።

መልስ 7 የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፣ ባሕር ዳር ቀበሌ 11 አካባቢ ይሠራል። ቁጥሮቹን ሲያይ ደስ አለው መሰለኝ፣ ሒሳቡን እዚያው ሠራው። ሽቦው ሄዶ ሲመለስ 16 ሜትር ነው። የአንድ ሜትር ባለ 1 ካሬ የመዳብ ሽቦ ተቃውሞ 0.0175 ኦም ነው፤ በ16 ተባዝቶ ለ2.5 ሲካፈል 0.11 ኦም ይመጣል። ሁለቱ ፓኔሎች በጥሩ ፀሐይ 10 አምፒር ይሰጣሉ። 10 ሲባዛ 0.11፣ አንድ ቮልት ከትንሽ። 14.3 ሲቀነስ 13.2 ስንት ነው? ይኸው። ኮንትሮለሩ የሚያየው የራሱን ተርሚናል ስለሆነ ሞልቷል ብሎ አምፒሩን መቀነስ ይጀምራል፤ ባትሪው ጓዳ ውስጥ ገና አልጠገበም። በየቀኑ እየተራበ የሚያድር የእርሳስ ባትሪ ፕሌቱ ላይ ሰልፌት (የእርሳስ ጨው) ይጋገርበታል፣ አቅሙም በዚያው ይሄዳል። መፍትሔው ኮንትሮለሩን ባትሪው አጠገብ ማምጣት ነው፤ ከአንድ ሜትር ባልበለጠ፣ በ10 ካሬ ሽቦ፣ ከፖዘቲቩ አጠገብ 30 አምፒር ፊውዝ ጋር። ረጅሙ ሽቦ ከፓኔል ወደ ኮንትሮለር ባለው በኩል ይሁን። ፓኔሉ በሥራ ላይ 18 ቮልት ድረስ መስጠት ስለሚችል በዚያ በኩል አንድ ቮልት ቢጠፋ ብዙ አይጎዳም።

መልስ 8 አጭርና ተገቢ ጥያቄ ጠየቀ፤ ታዲያ ሁለት ዓመት እንዴት ሠራ? ሽቦው እኮ መጀመሪያም ያው ነበር። ይህ ጥያቄ ባይመጣ የመልስ 7 ሒሳብ ሙሉ መልስ መስሎ ይቀር ነበር።

መልስ 9 ከዚያው ቀጠለና መልስ 7ን በትህትና አረመው። አምፒሩ ሲቀንስ በሽቦው ላይ የሚጠፋው ቮልትም አብሮ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ፀሐይዋ ረጅም ሰዓት ብትቆም ባትሪው ቀስ ብሎ መሙላቱ አይቀርም። መጀመሪያ ላይ ጭነቱ ትንሽ ነበር፣ ባትሪውም አዲስ፤ እስከ ማታ ይደርስ ነበር። አሁን አንድ የጨመረ ነገር አለ ማለት ነው አለ። ምን እንደጨመረ ጠየቀኝ። ስልክ ነው አልኩት። አጎቴ ከፋሲካ ጀምሮ የጎረቤት ስልክ በትንሽ ክፍያ ቻርጅ ያደርጋሉ።

መልስ 10 ያኔ ነው የፈነዳው። ይህን ከመጀመሪያው ብትናገር ኖሮ ሰው ይህን ሁሉ ባልለፋ! የስልክ ባትሪ ከ15 እስከ 19 ዋት ሰዓት ነው፤ በኢንቨርተር ዞሮ ሲሞላ 25 ቢወስድ ነው። 12 ስልክ በቀን 300 ዋት ሰዓት። ባለ 100 አምፒር ሰዓቱ ባትሪ በጠቅላላው 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሹ በላይ ካልወጣ 600 ነው የሚበላው። ስልኮቹ ብቻ ግማሹን በሉት። ሽማግሌው ባትሪያቸውን በሳንቲም ሸጠውታል አለ። አነጋገሩ ደስ አይልም፣ ሒሳቡ ግን ትክክል ነው።

መልስ 11 አንዲት ሴት ነች፣ አፉን አስያዘችው። ሰው ስልኩን የት ቻርጅ ያድርግ፣ ጀልባ ተሳፍሮ ባሕር ዳር ይምጣ? ጎረቤት ለጎረቤት ነው አለች። መከልከል ሳይሆን ሰዓቱን መለወጥ ነው ያለባቸው፤ ከ5 እስከ 9 ሰዓት፣ ፀሐይ እያለ፣ በዩኤስቢ ከኮንትሮለሩ በቀጥታ። ያኔ ከባትሪው ሳይሆን ከፀሐይዋ ላይ ነው የሚቀዳው። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

መልስ 12 ኢንቨርተሩን ከሰሰ። ምንም ሳይሰካበት በርቶ የሚውል ኢንቨርተር ለራሱ 10 ዋት ቢበላ በ24 ሰዓት 240 ዋት ሰዓት ነው፤ ከስልኮቹ ብዙም አያንስም። ሌላው ደግሞ ኢንቨርተሩ የሚቆርጠው 10.5 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው። ያ ለኢንቨርተሩ ደህና ይሆናል፤ ባትሪው ግን ከዚያ በፊት ተሟጥጧል። መጮህ ሲጀምር ይጥፋ፣ እስኪቆርጥ አይጠበቅ አለ። አምፖሎቹን ወደ 12 ቮልት ኤልኢዲ ለውጦ ከኮንትሮለሩ ማብራት፣ ኢንቨርተሩን ለቴሌቪዥን ሰዓት ብቻ መክፈት። አጎቴ ሲነገራቸው ኢንቨርተሩ ማታ ማታ ያለ ሥራ እንደሚያድር አመኑ።

መልስ 13 እና 14 በውሃ ተጣሉ። 13 አማቱ የጭነት መኪና ባትሪ ላይ የጣናን ውሃ አፍልቶና አጥልሎ ሲጨምር ዓመታት እንዳለፈው፣ ምንም እንዳልሆነ ጻፈ። 14 ደሙ ፈላ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ማዕድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ማዕድኑ ይበዛል። ብረትና ክሎሪን ባትሪ ይገድላሉ። የባትሪ ውሃ ማለት ተንኖ የተጠራቀመ ውሃ ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም። አሲድማ ጭራሽ አይጨመርም፤ የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው ነው ያለው። አሠራሩንም ነገረን። ፕሌት ከተጋለጠ መጀመሪያ ፕሌቱን እስኪሸፍን ብቻ፣ ከዚያ ቻርጅ፣ ከዚያ ደግሞ እስከ ልኩ። ባትሪው ቻርጅ ሳይደረግ ውሃው እስከ አፉ ከተሞላ ቻርጅ ሲያደርግ አሲዱ ይፈስሳል። ሌላ ሰው መሃል ገብቶ የአክስቱ የአረቄ ማውጫ የባትሪ ውሃ ማውጣት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። መልስ 7 ተመልሶ መጥቶ በመርህ ደረጃ አዎ፣ በተግባር ግን ቱቦው የነካካው ሁሉ አብሮ ይወርዳል፤ ነዳጅ ማደያ ሄደህ ግዛ፣ አክስትህን አረቄዋን ተውላት አለው። ክሩ ላይ ከልቤ የሳቅኩት እዚህ ነው።

መልስ 15 ከቁንዝላ ነው። ፖዘቲቩን ሲያጠብቅ ቁልፉ ኔጋቲቩን ነካ፤ ቁልፉ እዚያው ተጣበቀና ቀላ፣ እጁ ተቃጠለ። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቅደም፣ ሲታሰር ኔጋቲቩ የመጨረሻ ይሁን፣ የቁልፉ እጀታ በቴፕ ይጠቅለል፣ ቀለበት ይውለቅ አለ። ባትሪው ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ጓዳው መስኮት ይኑረው፣ ኩራዝና ሻማ አይጠጋው። ዝገቱን በሞቀ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን መቀባት። ሶዳው ግን ወደ ሴሉ ውስጥ እንዳይገባ ክዳኑ ይዘጋ።

ከመልስ 16 እስከ 19 ክሩ መንገዱን ሳተ። አንዱ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን የጣና በለስን 460 ሜጋ ዋት አነሳ፤ ውሃው ከዚሁ ሐይቅ ይሄዳል፣ እኛ እዚህ በ200 ዋት እንጨቃጨቃለን ብሎ። ከዚያ ፖለቲካ ሊሆን ሲል አንዱ የፎገራ ሽንኩርት ገበሬ አዳነን። የሶላር ፓምፑ መሳቢያ በእምቦጭ ሥር እየታፈነ አስቸግሮታል፣ መላ በሉኝ አለ። ወንፊት ያለው ቅርጫት ውስጥ አስገባው ተባለ። ሌላው ደግሞ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,786 ሜትር ስለሆነ የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፣ ፓምፕህ ከውሃው ከ6 ሜትር በላይ ከፍ ካለ መሳቡን አትመነው አለው። ጠቃሚ ነው፣ ግን የአጎቴ ባትሪ ተረሳ።

መልስ 20 ወደ ጉዳዩ መለሰን፤ ፓኔሉ ታጥቧል ወይ? የሐይቅ ዳር ወፍ ፓኔል ላይ ምን እንደሚሠራ የጣና ሰው ያውቃል። አንድ ኩስ አንድ ሴል ይሸፍናል፣ ቀሪውን መልስ 4 ነግሮናል። ማለዳ፣ መስተዋቱ ሳይግል፣ በብዙ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ። በአሸዋ ወይም በብረት ሽቦ የሚፈትግም አይጠፋም፤ ኧረ በሕግ! እኩለ ቀን ላይ የጋለ መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም አይመከርም።

እግረ መንገዱን ፓኔሉ በክረምት ወደ ሰሜን ይዙር አለ። መልስ 21 ይህን ግማሽ እውነት ነው አለ። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ነች፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይዋ በእርግጥ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ግን በዚያ ወቅት ዋናው ሌባ ደመናው ነው። ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያጋደለ ፓኔል ዓመቱን ሙሉ ይበቃል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥብለታል። ጠፍጣፋ ከተኛ ግን ውሃው ጠርዙ ላይ ይቆምና ጭቃ ይሠራል።

መልስ 22 ኮንትሮለሩን ልናዛውር ነው ስል በአንድ መስመር አስቆመኝ። መጀመሪያ ፓኔሉ ይፈታ፣ ቀጥሎ ባትሪው። ሲመለስ መጀመሪያ ባትሪው፣ በመጨረሻ ፓኔሉ። ኮንትሮለሩ 12 ቮልት መሆኑን የሚያውቀው ከባትሪው ነው፤ ያለ ባትሪ የፓኔል 20 ምናምን ቮልት ብቻውን ከመጣበት ሊቃጠል ይችላል። ጥድፊያችሁን ተዉት ብሎ ሄደ። ሰላምታ የለ፣ ቻው የለ።

መልስ 23 የእኔ ነው፣ የሆነውን ላስታውቅ። ኮንትሮለሩ ጓዳ ገባ፣ የ10 ካሬ ሽቦ ታሰረ፣ ፊውዝ ተደረገ፣ የባትሪ ውሃ ተሞላ። ቴሌቪዥኑ ለጊዜው አረፈ፣ ስልኮቹ ቀን ቀን ብቻ ሆኑ። አሁን ኮንትሮለሩ ላይና ባትሪው ላይ የሚለካው ቮልት ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ጠዋት 12.4 እያሳየ ነው። ጎረምሳው ሃይድሮሜትር (አሲዱ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ የሚለካ) ተውሶ አሲዱን ለካው፤ አምስቱ ሴል 1.240 አካባቢ፣ አንዱ ግን 1.170።

መልስ 24 የደከመውን ሴል ለማንሳት ቮልቱን ከፍ አድርጎ ለሰዓታት ማመጣጠን ይሞከር አለ፤ ውሃ የሚሞላ ባትሪ ስለሆነ ይችላል፣ ጄል የሚባለው የታሸገ ዓይነት ቢሆን ኖሮ አይነካም ነበር። መልስ 25 አንድ ጊዜ ሞክሩት፣ በሴሎቹ መሃል ያለው ልዩነት ከ0.050 ካልወረደ ግን ያ ሴል አይነሳም፣ ዝም ብላችሁ ውሃ አትጨርሱ አለ። መልስ 1ም ተመልሶ መጣ። አሁንም ሊቲየም ባይ ነው፣ ግን መጀመሪያ ሽቦው መስተካከሉ ጥሩ ሆነ ብሏል።

አጎቴ ማመጣጠኑን አስሞከሩት፣ ልዩነቱ ብዙም አልጠበበም። ባትሪው መብራትና ሬዲዮ ይችላል፣ ቴሌቪዥን ከዜናው አያልፍም። ክረምቱን በዚህ ሊገፉት ነው፤ ከመስቀል በኋላ አዲስ ይገዛሉ። የእርሳሱ ይሁን ሊቲየሙ የሚለውን በዚያን ጊዜ ዋጋ ይወስናሉ። የፓምፑ ሰውዬ ሌላ ክር ይክፈት፣ የእምቦጩ ነገር ብቻውን ብዙ ያስወራል። የ10 ካሬ ሽቦ ስንት ገባ ላላችሁ፣ በሜትር ነው የሚሸጠው፤ ኮንትሮለሩ ባትሪው አጠገብ ከሆነ ሁለት ሜትር ይበቃችኋል።